የኪራይ አባት

መርካቶ አስተምሮ የወላጅ ኪራይን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ክፍል ገብቶ ወጥቷል እንጂ አላስተማረም። ተማሪ ያጠፋል፣ «ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል፣ ልጁም ከግቢው ወጥቶ ሃምሳ እርምጃ ሳይሄድ አባት ያገኛል። አውቶቡስ ተራ ሥራ የፈታ ደላላ ወይም ጥላ ሥር የተቀመጠ ተሸካሚ ለሻይ የምትሆን ነገር ይቀበልና አጎት ሆኖ ይመጣል። አንዳንዱማ ሥራው ከልቡ ይገባና የማያውቀውን ልጅ እኔ ፊት በጥፊ ሊያጮለው ይነሳል። አንዱን ሰውዬ በአንድ ሴሚስተር የሦስት ልጆች አባት፣ የአንዲቷ ደግሞ የክርስትና አባት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለአራተኛ ጊዜ ስይዘው «እትዬ፣ ይህን ያህል ከተመላለስኩ ለምን ቋሚ አያደርጉኝም?» አለኝ። ፊቴን ሳልፈታ አባረርኩት። ቤቴ ገብቼ ግን ብቻዬን ሳቅሁ።

እኔ የተማሪዎች ጉዳይ ምክትል ርዕሰ መምህርት ነበርኩ። ርዕሰ መምህሩ ከክፍለ ከተማ ስብሰባ ስለማይመለስ በሩም፣ ሰልፉም፣ ዩኒፎርሙም፣ ፀጉሩም፣ ጠቡም፣ ፍቅሩም የኔ ነው። ጠዋት ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ባንዲራው ሥር ስቆም ግቢው ጸጥ ይላል። መምህራኑም አይወዱኝም፤ ማን ክፍል እንዳልገባ የምመዘግበው እኔ ነኛ። ሻይ ክበብ ስገባ ወሬው ስለሚቋረጥ ሻዬን ቢሮዬ አስመጥቼ እጠጣ ነበር። ከሥራ ስወጣ ደግሞ ይብሳል። ድሮ ያንበረከክኳቸው ልጆች ዛሬ ባለሱቅ ሆነዋል፤ ሶማሌ ተራ ሳልፍ አንዱ ካየኝ ዕቃ እንደሚያነሳ ሰው ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ይላል። ቁና ተሸካሚው፣ ደላላው፣ ነጋዴው በሚተራመስበት ገበያ መሀል ለኔ ብቻ መንገዱ ይለቀቅልኛል። አላገባሁም፣ አልወለድኩም። ቀን ሙሉ የሰው ልጅ ስጠብቅ እውላለሁ፤ ቤቴን የሚያንኳኳ ግን አልነበረኝም። ያኔ ብጠየቅ ተመችቶኛል እል ነበር፤ ውሸቴን ነው።

የኪራይ ወላጅ በመያዝ ግን ወደር አልነበረኝም። መታወቂያ አልጠይቅም፤ አጎት ነኝ ለሚል ሰው መታወቂያ ምን ይሠራል? ልጁ የቀረበትን ምክንያት ቀድሜ በወረቀት አስጽፈዋለሁ። ወላጅ ነኝ ባዩ ሲመጣ የልጁን ክፍል፣ ሴክሽኑንና የቀረበትን ምክንያት እጠይቀዋለሁ። ከዚያ ወረቀቱን እዘረጋለሁ። የሁለቱ ቃል ካልገጠመ አለቀ። ይህን ሁሉ የማደርገው ጠዋት በሰልፉ ፊት ነው፤ ሌላው እንዲማርበት።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ነበረች። ዝምተኛ ናት፤ የፕላዝማው ትምህርት ሲጀመር ፊት ወንበር ተቀምጣ የምትጽፍ ዓይነት። ሦስት ቀን ሳታስፈቅድ ቀረችና ወላጅ አምጪ አልኳት። ወረቀቷ ላይ «አሞኝ ነበር» ብላ ጻፈች።

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ይዛ መጣች። የነተበ ካኪ ኮት ለብሷል፤ ትከሻው ላይ የታጠፈ ጆንያና ገመድ አለ። ወገቡን ጎበጥ አድርጎ ነው የቆመው። ልቤ ወዲያው፣ ይሄ ከአውቶቡስ ተራ የመጣ ነው አለኝ።

«የማን ወላጅ ነህ?» አልኩት። «አንተ» ማለቴን አሁን ሳስበው ያመኛል።

መዝገቤ ላይ የሌለ ስም ጠራ። የቤት ስሟ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ሴክሽኗስ?»

«እሱን እንኳ አላውቅ እትዬ። ዘጠነኛ ናት።»

«ለምን ቀረች?»

«እኔን አሞኝ ነው። ወገቤን ይዞኝ ተኝቼ እሷ ናት ስታስታምመኝ የሰነበተችው።»

ወረቀቱን ዘረጋሁ። እውነቱን ልናገርና በጣም ደስ አለኝ። «ለመሆኑ የታመመው ማነው?» አልኩ፣ ወረቀቱን ለሰልፉ ከፍ አድርጌ። «ሁለታችሁ ሳትነጋገሩ ነው እንዴ የመጣችሁት?» ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። በዚያ ግቢ ውስጥ በኔ ቀልድ ሲሳቅ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ሳቁ ሞቀኝ፤ ስለሞቀኝም አላቆምኩም። ወደ ልጅቷ ዞርኩ።

«ይሄ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

ልጅቷ ሰልፉን አየች። ከኋላዋ ያሉት ብዙዎቹ የባለሱቅ ልጆች ናቸው፤ የአባቶቻቸውን ጣቃ ማን እንደሚሸከም ያውቃሉ። ከዚያ ጆንያውን አየች።

«አላውቀውም» አለች።

ሰውዬው አንድ ጊዜ ብቻ ተመለከታት። ከዚያ ወደኔ ዞሮ «እውነቷን ነው። ለሻይ ሰጥታኝ ነው የመጣሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷን አይቅጡብኝ» አለ። ጆንያውን አስተካክሎ ቀስ እያለ በበሩ ወጣ። እኔ ፊሽካዬን ነፋሁና ስለ ሐቀኝነት ረጅም ንግግር አደረግሁ።

በማግስቱ ልጅቷ አክስቴ ናቸው ብላ አንዲት ሴትዮ አመጣች። የአንገት ወርቅ አድርገዋል፣ ጫማቸው ይጠራል። ክፍሉን፣ ሴክሽኑን፣ የሕመሙን ዓይነት ሳይቀር አንድ ሳያጎድሉ መለሱ። ወንበር ሰጠኋቸው። ሲወጡም በር ድረስ ሸኝቼ «እንዲህ ያለ ወላጅ ነው የሚያስፈልገን» አልኳቸው።

ሁለት ወር ያህል አልፎ ለቢሮዬ የብረት ሸልፍ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ ተሸካሚ ጠራልኝ፤ የመጣው ያ ሰው ነው። ሲያየኝ ደነገጠ። እኔም ምላሴ አላረፈም፤ «ዛሬ ደግሞ ተሸካሚ ሆንክ?» አልኩት።

«እሱስ ሁሌም ነኝ እትዬ» አለና ሸልፉን በጀርባው አነሳ።

ሰባተኛ የሚባለው ሰፈር ደረስን። እዚያ አንድ የግንብ አጥር አለ፤ ሸክሙን አስደግፎ ትንፋሹን ሰበሰበና፣ ፊቱን ሳያዞር «እትዬ፣ ፈተናው እንዴት ሆነላት?» አለኝ።

«ለማን?»

«ለልጄ።»

ልቆጣ አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። የኪራይ አባት የተከፈለበትን ቀን ጨርሶ ይሄዳል፤ ከሁለት ወር በኋላ መንገድ ላይ ቆሞ የፈተና ውጤት አይጠይቅም። ይህን ለማወቅ የኔ ሦስት ጥያቄዎች አላስፈለጉኝም።

እናቷ የሞተችው ልጅቷ ገና አፏን ሳትፈታ እንደሆነ ነገረኝ። ማንበብ ስለማይችል ካርዷን እሷው ናት የምታነብለት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን «ደህና ነው» ብቻ ትላለች። ራቱን አቅርባለት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አክስት ተብለው የመጡት ሴትዮ በግቢያቸው የሚኖሩ የሱቅ ባለቤት ነበሩ።

«ታዲያ ለምን ተከፍሎኝ ነው አሉ?» አልኩት። «አንተ» ማለት አፌ ላይ አልመጣም።

«ሰው ፊት አላውቀውም አለቻ። አባቷ ነኝ ብል እሷ ውሸታም ልትሆን ነው» አለ። «ከሷ እኔ ብሆን ይሻላል ብዬ ነው።»

ይቅርታ ልጠይቀው ጀመርኩ። እሱ ግን የፈለገው ይቅርታዬን ሳይሆን ዝምታዬን ነበር። «እንዳይነግሯት። የከሰስኳት ይመስላታል» አለኝ። እሺ አልኩ። ከዚያ ውጤቷን በቃሌ ያስታወስኩትን ያህል ነገርኩት፤ ሒሳብ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠች እሷ መሆኗን ስነግረው ሸልፉን እንደ ላባ አነሳው።

ከዚያ በኋላ በየወሩ መጨረሻ ዓርብ ከሥራ ስወጣ እዚያ አጥር ጋ እንገናኝ ጀመር። ውጤቷን ከመዝገቡ በብጣሽ ወረቀት እገለብጥና አነብለታለሁ። አንዳንዱን ሁለቴ ያስነብበኛል። ሲጨርስ «እርስዎስ ደህና ነዎት?» ይላል፤ ብሎም መልሱን ቆሞ ይጠብቃል። እንዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ከነበረ ቆይቷል። ጉንፋን ይዞኝ ያየ ዕለት ከኮቱ ኪስ ሁለት ብርቱካን አውጥቶ ሰጠኝ። ገበያው ሁሉ መንገድ ሲለቅልኝ አንድ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል። ዓርቡ ሲቃረብ ከረቡዕ ጀምሮ ጫማዬን እወለውል ነበር። ፍቅር ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ ራሴ ስሙን አላውቀውም።

የማላመልጠው ነገር እዚህ ላይ ነው። ልጅቷን ጠርቼ ማናገር ነበረብኝ። አባቷ በየማታው ጀርባዋን እያየ ራቱን እንደሚበላ እያወቅሁ፣ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝም አልኩ። ቃሌን ጠብቄ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግን አይደለም። ልጅቷ ካርዷን ራሷ ካነበበችለት እኔ ምን አደርግለታለሁ? የሰው ቤት ዝምታ እኔን ጠቅሞኝ ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ውጤት መጣ። መሰናዶ የሚያስገባ ነጥብ አምጥታለች። መሸኛዋን የሚወስደው ወላጅ ፈርሞ ነው፤ ስለዚህ ከቀኑ በፊት ቢሮዬ ጠራኋት።

«ነገ ማን ይመጣልሻል?»

«አክስቴ።»

«አክስትሽ አይደሉም» አልኳት። ደብተሯን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ በሩ አየች። «ልቆጣሽ አይደለም። ያን ቀን አባትሽን ሰው ፊት ያዋረድኳቸው እኔ ነኝ። አንቺንም እንደዚያ እንድትመልሺ ያደረግሁሽ እኔ ነኝ። ይሄን ሸልፍ የተሸከሙልኝ እሳቸው ናቸው፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ያንቺን ውጤት የምነግራቸው እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንኳ በክፉ አላነሱሽም። ይቅር በይኝ።»

ሸልፉን ረጅም ጊዜ አየችው።

«እርስዎ አላወቁም» አለች በመጨረሻ። «እኔ ግን አውቅ ነበር።»

ሳላሰናብታት ወጣች። በሌላ ቀን ቢሆን ፊሽካዬን እነፋ ነበር።

በማግስቱ ተማሪውና ወላጁ ባንዲራው ሥር ተሰልፎ መሸኛ ይጠብቃል። አባትና ልጅ አብረው በበሩ ገቡ። ጆንያው የለም፤ ካኪ ኮቱ ታጥቦ እስከ አንገቱ ተቆልፏል። ከቢሮዬ ወንበር ይዤ ሮጥኩ። «ይቀመጡ» አልኩት፤ እሺ አላለም፤ የወንበሩን መደገፊያ ብቻ ያዝ አደረገ።

«ቲቸር» አለች ልጅቷ፣ ሁሉም እየሰማ። «ያን ቀን የጠየቁኝን ይጠይቁኝ።»

ስንት ዓመት በጮኽኩበት ግቢ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቅኋት።

«እኚህ ሰው ምንሽ ናቸው?»

«አባቴ ነው» አለች። የመለሰችው ለኔ አልነበረም፤ ፊቷን ወደ ሰልፉ አዙራ ነው።

ማንም አልሳቀም። ሰውዬው በአውራ ጣቱ ፈረመ፤ ቀለሙን እሷ በሹራቧ እጅጌ ጠረገችለት። ሲወጡ የሆነ ነገር ስትነግረው ነበር፤ እሱም ለመስማት ጎንበስ እንዳለ ነው የሄደው። ለኔ ደህና ይሁኑ አላለችኝም። መብቷ ነው።

በወሩ መጨረሻ ዓርብ እግሬ ሰባተኛ ወሰደኝ። የምገለብጠው ውጤት አልነበረም፤ ግን ጫማዬን ወልውዬ ነበር። አጥሩ ጋ ጥቂት እንደቆምኩ መጣ። ሦስት ጣቃ ተሸክሟል።

«ደህና ነዎት እትዬ?» አለኝ ከሸክሙ ሥር። «ልጅቷ ደህና ናት። ማታ ማታ ሁሉንም ታነብልኛለች።»

«እሰይ» አልኩት። ከልቤ ነው።

ሸክም ይዞ ብዙ አይቆምም፤ አለፈ። እኔም ወደ ሶማሌ ተራ ታጠፍኩ። አንድ ጨርቅ ሻጭ፣ የድሮ ተማሪዬ፣ ከሩቅ አየኝና ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ አለ። ሱቁ ፊት ቆሜ ጠበቅሁት፤ ቶሎ አልተነሳም።