ቁልቁል የሚያየው ሰው

ከሐይቁ በላይ፣ ጉብታው ላይ በቆሎ እየጠበሰች የምትሸጠው ሬባቲ፣ አጠገቧ ቴሌስኮፕ ተክሎ ተራራ በማሳየት የሚያድረውን ሰውዬ ስም ጠይቃ አታውቅም። አርፎ መቆም እንደማይሆንለት ግን ታውቃለች። ቱሪስት ሲመጣ የነተበ የሱፍ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ «ያቻት ናንዳ ዴቪ» እያለ በረዷማውን የሂማላያ ተራራ ያሳያል፤ እግሩ ግን መሬቱን መጫር አይተውም። ሰው ዞር ሲልለት ቴሌስኮፑን ከተራራው መልሶ ቁልቁል፣ ወደ ሐይቁ ማዶ ይደግናል።

«አንተ ሰው፣ አምላካችን ናንዳ ዴቪ ያለችው ወዲያ ተራራው ላይ ነው፤ ታች ምን ጥለሃል?» እያለች ትነካካዋለች።

«ገበያዬን ነው የማየው፣ እትዬ።»

ዛሬ ሻይ ሊያመጣ ሲሄድ ጎንበስ ብላ አየች። ሰማያዊ በር ካለው ቤት ፊት ለፊት የልጅ ቀይ ሹራብ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ራሷም ሹራብ ትሠራለችና እጅጌው በቢጫ ክር መቀጠሉን ወዲያው ለየችው።

ቀና ስትል ሻዩን ይዞ ቆሟል። አልተቆጣም።

«እጅጌውን ለልጄ አስረዝመውላታል፣ አዩልኝ?» አላት። «አምና ልኳ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አትወርድም?»

«በሩን ማን ከፍቶልኝ።»

ሻዩን አስቀምጦ ዓይኑን ቴሌስኮፑ ላይ ለጠፈ።

«ወጣች» አለ ቀስ ብሎ። መሬት ሲጭር የኖረው እግሩ ቀጥ አለ።

በዚህ መሀል በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ጉብታው ላይ የሚወጣው ኬብል መኪና ቱሪስቶች አራገፈ፤ ተራራውን ለማየት ተንጋግተው መጡ። ሰውዬው ቴሌስኮፑን ሊያዞርላቸው ሲል ሬባቲ መሀል ገብታ ተገተረች።

«ተራራው የትም አይሄድም» አለቻቸው። «መጀመሪያ በቆሎ ብሉ።»