ፎርትራንና የክርስትና አባቴ

የክርስትና አባቴ በመምህራን ስብሰባ ላይ «እርስዎ» ሲሉኝ ክው አልኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንተ» ብለው ያሳደጉኝ፣ አባቴ ሲሞት ሐረር ፈላና በር አጠገብ ካለው ቤታቸው አስገብተው ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሒሳብ ያወቅሁት በእሳቸው ነው። ኋላ እኔም መምህር ስሆን እዚያው ሐረር የሒሳብ ክፍል ኃላፊዬ ሆኑ።

ጣጣው የመጣው በኮምፒውተር ነው። ለአብዮቱ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ዳይሬክተራችን የኮምፒውተር መግቢያ ትምህርት እንዲጀመር ወሰኑ። ሐረር ውስጥ ግን ኮምፒውተር የለም፤ ያለው አዲስ አበባ ነው። ተማሪዎቹ ፕሮግራሙን ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፣ ወረቀቱ በአውቶቡስ ይሄዳል፣ እዚያ ያሉ ሠራተኞች የተጻፈውን እንዳለ ማሽኑ በቀዳዳ በሚያነበው ካርድ ላይ ይበሱታል፣ ማሽኑ ያተመው መልስ ይመለስልናል። የቀረው ማሽኑን በየትኛው ቋንቋ ማዘዝ ይማሩ የሚለው ነበር።

በስብሰባው የክርስትና አባቴ ቀድመው ተናገሩ፤ ወጉም እንደዚያ ነው። «ኮቦል ይሁን» አሉ። «ለቢሮ ሥራ የተዘጋጀ ቋንቋ ነው። ልጆቹ እንጀራ የሚያገኙት ቢሮ ገብተው ነው።»

ከእሳቸው በኋላ የሚነሣ ሰው ለመስማማት ነው የሚነሣው። እኔም ተነሣሁ።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እኔ አልስማማም። ኮቦል በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የተሞላ ነው። ልጆቻችን ከእንግሊዝኛው ጋር ሲታገሉ ሐሳቡ ያመልጣቸዋል። ፎርትራን ግን የሚያውቁትን አልጀብራ ይመስላል።»

እሳቸው ባርኔጣቸውን አንሥተው «እንግዲህ እርስዎ ካሉ ምን ይደረጋል» ብለውኝ ወጡ።

ዳይሬክተሩ መሐላችን መግባት ስለፈሩ ማሽኑ ይፍረድ አሉ። ሁለታችንም የአንድ ክፍል ተማሪዎችን አማካይ ውጤት የሚያወጣ ፕሮግራም በየቋንቋችን ጽፈን እንልካለን፤ መልስ ይዞ የተመለሰው ይመረጣል።

መልሱ እስኪመጣ የጠበቅንበት ጊዜ ትዝ ሲለኝ ዛሬም ይከብደኛል። ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደሩ?» ይሉኛል፣ በዚያ በሚያቃጥል ትሕትና። እሑድ ምሳ ከቤታቸው ቀርቼ አላውቅም ነበር፤ ያን እሑድ ግን ደፍሬ አልሄድኩም። ሐኪም ከሚባለው የከተማው ጋራ ላይ ወጥቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። ብሸነፍ የመምህራኑ መሳቂያ ነኝ። ባሸንፍ ደግሞ አባት አይኖረኝም። ትክክል መሆኔን ባላምን ኖሮ ሄጄ እግራቸው ላይ እወድቅ ነበር፤ ግን አምናለሁ፣ ያናደደኝም እሱ ነው።

እሽጉ ሲመጣ ዳይሬክተሩ በሁለታችን ፊት ከፈቱት። መጀመሪያ የጋሼን አዩ። ማሽኑ የመጀመሪያውን መስመር አላውቀውም ብሎ መልሶታል። የክርስትና አባቴ ፊት ጠቆረ። እኔ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ቀጥሎ የእኔ ተገለጠ። ያው! የመጀመሪያውን መስመር አላውቀውም።

የላክናቸውን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋናቸው። በእሳቸው ወረቀት ላይ፣ በመጀመሪያው መስመር፣ በእንግሊዝኛ «በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም» ይላል። በእኔም ላይ እንዲሁ። በስመ አብ ሳይባል ወረቀት አይጀመርም ብለው ፊደል ከቆጠርኩበት ቀን ጀምሮ ያስለመዱኝ እሳቸው ናቸው፤ ስጽፈውም ልብ አላልኩትም። ካርድ የሚበሱት ሠራተኞች ደግሞ ያገኙትን ሁሉ በስተውታል።

የክርስትና አባቴ የእኔን ወረቀት አንሥተው የመጀመሪያውን መስመር በጣታቸው ተከተሉት።

«ይህ መስመር ሳይወጣ ማሽኑ እንዲሠራ ማድረግ ይቻላል?» ብለው ጠየቁ።

«በሁለቱም ይቻላል ጋሼ። በፎርትራን ግን ከፊቱ አንዲት ፊደል ማድረግ ብቻ ነው፤ ማሽኑ መስመሩን ሳይነካ ያልፈዋል።»

ዳይሬክተሩ ሳቃቸውን ዋጡ። ጋሼ ግን አልሳቁም። «ሙስሊሞቹ ልጆችም ቢስሚላሂ ሳይሉ አይጀምሩም። የእነሱም መስመር መግባት አለበት» አሉና ወረቀቱን አስቀመጡ። «ፎርትራን ይሁን።»

ባርኔጣቸውን አድርገው በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር አሉ።

«ያን እሑድ ሳትመጣ ቀርተህ ምሳ ሳይበላ ዋለ» አሉኝ። «ዳግመኛ እንዳትቀር!»