ክዳን ያልገባለት መብራት

ሚያዝያ ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ። በሬዲዮ ጠጋኙ ጠረጴዛ ላይ አንድ የቆርቆሮ ክዳን አለ፤ አራት ቀዳዳ፣ ሦስት ብሎን። አራተኛውን ሊገዛ ጠዋት ወጣ፤ ማምሻውን ድንገት አረፈ።

ክዳኑ ለእህቱ የሠራው መብራት ክዳን ነው። እህቱ ማተሚያ ቤት ውስጥ የጭማቂ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ ወረቀት የሚያትም ማሽን ታንቀሳቅሳለች። ወረቀቱ ከጥቅሉ እየተተረተረ ይሮጣል፤ ቀለሙ ከመስመሩ ይውጣ አይውጣ በባዶ ዓይን አይታይም። ወረቀቱን የሚያትመው ሲሊንደር አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ ብልጭ የሚል መብራት ሲኖር ግን የሚሮጠው ሥዕል የቆመ ይመስላል። አሮጌው መብራት ሲበላሽ አለቃዋ፣ «ተበላሽቶ የሚጣለው ጥቅል በዚህ ወር ካልቀነሰ አንቺ ወደ ማሸጊያ፣ ማሽኑ ለሌላ» አላት። ስንት ዓመት የለፋችበትን ማሽን!

«እኔ እያለሁ?» አለ ወንድሟ። «እሠራልሻለሁ።»

«አንተ? የሻይ ማፍያዬን ከወሰድክ ስንት ክረምት አለፈ?»

«እሱ ገና በጥናት ላይ ነው።»

እውነቱን ለመናገር የዚህ ሰው አፍ ከእጁ ይቀድም ነበር፤ እጁም ግን ዘግይቶ መድረሱ አይቀርም። ማይክሮኮንትሮለር የምትባል ጥፍር የምታክል ኮምፒውተር ገዛ፤ በውስጧ ያለውን ጊዜ ቆጣሪ፣ ታይመሩን፣ ከማሽኑ ፍጥነት ጋር እኩል ሞላው፤ ወስዶም ገጠመው። ወረቀቱ ላይ ያለችው ብርቱካን ቆመች። እህቱ «ጎሽ» ልትለው አፏን ስትከፍት ብርቱካኗ እንደ ቀንድ አውጣ ወደ ጎን መሳብ ጀመረች።

«ወዴት እየሄደች ነው?»

«ትመለሳለች።»

«እንደ ሻይ ማፍያዬ?»

ቁጥሩን ቢያሳንስ ወደ ግራ፣ ቢያበዛ ወደ ቀኝ። ያዝኳት ሲል ማሽኑ ትንሽ ይፈጥንና ታመልጠዋለች። ሳምንቱን ሙሉ ሲያባርራት ከረመ። ቀልዱ ጠፋ፤ እሱ ቤት ደግሞ ቀልድ ከሚጠፋ መብራት ቢጠፋ ይሻላል።

እሁድ ሚስቱ ቁምሳጥኑን ወደ ፎቅ እናውጣ አለችው። እሷ ከላይ፣ እሱ ከታች ሆነው ያዙ። «አንድ! ሁለት!» እያለ በራሱ ቆጠራ ሲገፋ ጠርዙ ጉልበቷን መታት።

«አንተ ሰውዬ! ከማን ጋር ነው የምትቆጥረው? ቁጥርህን ተወውና እግሬን እይ! እግሬ ደረጃውን ሲረግጥ ያኔ ትገፋለህ!»

ሰውየው ቀጥ አለ።

«እግርሽን!»

«ምን ሆነ እግሬ?»

«ይባረክ!» ብሎ ቁምሳጥኑን ከነሚስቱ ደረጃው መሃል አስደግፎ ወረደ። ጎረቤት ደርሶ ነው ያወጣት።

ከዚያ ወዲህ ታይመሩ በራሱ ልብ መቁጠር ቀረለት። ሲሊንደሩ ላይ ነጭ ምልክት ቀባ፤ ፊት ለፊቱ ምልክቱን የሚያይ ሴንሰር አሰረ። ምልክቱ ባለፈ ቁጥር ታይመሩ የያዘውን ቆጠራ ጥሎ ከዜሮ ይነሳል፤ ጥቂት ይታገሣል፤ ከዚያ መብራቱን ያበራል። ሰኞ እህቱ ማሽኑን አፈጠነችው፤ አዘገየችው፤ ብርቱካኗ ንቅንቅ አላለችም። አፏ ውስጥ የቀረው «ጎሽ» አሁን ወጣ። አለቃው መጥቶ አየና «ማሽኑ ያንቺው ነው» ብሎ ሄደ።

«ክዳኑስ?» አለች።

«ቤት ረሳሁት። አንድ ብሎንም ይጎድለዋል።»

ማክሰኞ የብሎን ሱቁ ዝግ ሆኖ ጠበቀው። ባዶ እጁን መመለስ አይወድምና ወደ ጫማ ሰፊው ጎራ አለ። እህቱ ማሽኑ ፊት ቆማ የምትውልበት ጫማ ሶሉ ተገንጥሎ እዚያ ነበር። ስፌቱን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን እያደረገ ፈተሸ፤ አንድ ቦታ አስደገመ። ከዚያ ማተሚያ ቤቱ በር ላይ ለዘበኛው ሰጠው።

«ለእህቴ ስጥልኝ። ብሎኑን ነገ በላት።»

«ያንተን ነገ እናውቃታለን!» አለ ዘበኛው።

መብራቱ ዛሬም ያለ ክዳን ይሠራል። ጫማው ግን ከምሳ በፊት እግሯ ላይ ነበር።