የተገለበጠው ከዘራ

እማማ አበራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቁስቋም ቁልቁል ወርደው ምራታቸው ቦሰና ዘንድ ሲመጡ፣ ገና አረፍ ሳይሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር።

"እስቲ ልጄን አሳዪኝ።"

ፎቶ ማለታቸው አይደለም። ፎቶውማ እሳቸውም ቤት ተሰቅሏል። የሚሹት በኮምፒውተሩ ላይ፣ በፈረንጅ ፊደል ከተጻፈው ሁሉ መሃል የጀቤሳን ስም ነው። ፊደሉን ባያውቁትም የስሙ መነሻ የተገለበጠ ከዘራ ስለሚመስል በእሱ ይለዩታል። ስክሪኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አድርገው፣ "ልጅ ሳይወልድ ሄደ ይሉኛል፤ ይኸው ዓለም የሚያየው ስም ትቶ የለም?" ይላሉ።

ቦሰናና ጀቤሳ አብረው የሚመራመሩ ባልና ሚስት ነበሩ። ሥራቸው ሴሎች ወደ ደም የሚለቋቸውን፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ከረጢቶች ማጥናት ነው። ሴል ከሴል የሚላላከው በእነሱ ነውና፣ ከታመመው ወገን የተላከውን ያነበበ በሽታውን ቀድሞ ይደርስበታል። ተመራማሪዎች ከየአገሩ ያገኙትን የሚያኖሩበት የጋራ የመረጃ ቋት አለ። እንደ እድር ነው፤ ደመወዝተኛ የለውም፣ ድንኳኑ የሁሉም ነው። የአንዱን መዝገብ ሌላው ይመረምራል፤ ጥርጣሬ ሲነሳ ባለመዝገቡ ይጠየቃል፤ እሱ ከሌለ አብሮት የሠራ ይመሰክራል። ጀቤሳ በልብ ሕመምተኛ ልጆችና በጤነኞች ደም መካከል ያገኘውን ልዩነት እዚያ አኖረ። ብዙም ሳይቆይ ጉበቱ ከዳው፤ ቀበሩት።

ዘንድሮ ክረምት ሊወጣ ሲል፣ የቋቱ በጎ ፈቃደኛ የሆነው የድሮ ጓደኛቸው ኢስሐቅ ደወለ።

"ቦስዬ፣ የጀቤሳ ልዩነት ሌላ ቦታ ሲሞከር አልተገኘም። በእሱ ላይ ተመሥርተው ደግሞ ለልጆች የደም ምርመራ ሊያዘጋጁ ነው። ደሙ ሁሉ በአንድ ዓይነት ቲዩብ ነው ወይ የተቀዳው ይላሉ።"

"አላውቅም ብልስ?"

"መዝገቡ እንዳለ ይቆያል። እ... ማለቴ፣ ማንም አይወቅስሽም።"

ታውቃለች። የጤነኞቹን የቀዱት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ባለበት፣ ባለ ወይን ጠጅ ክዳኑ ቲዩብ ነበር። የልጆቹ ተራ ሲደርስ ያ ቲዩብ ከከተማው ጠፋ። ወላጆች ልጆቻቸውን አዝለው ከሩቅ መጥተዋል። "እንዴት ተመለሱ ይባላሉ?" አለ ጀቤሳ፤ በቀይ ክዳኑ ቀዱ፤ ደሙ ረጋ። ደም ሲረጋ ደግሞ የራሱን ከረጢቶች ይረጫል። መዝገቡን ሲሞላ ግን ቀድሞ ያዘጋጀውን፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቲዩብ ይቀዳል የሚለውን ዕቅድ እንዳለ ገለበጠው። "ኋላ አስተካክለዋለሁ፤ ክዳን ነው እኮ" አላት። ኋላ የሚባል ጊዜ አላገኘም። ያ ሁሉ ልዩነት የበሽታው ሳይሆን የቲዩቡ ነበር።

ለሞተ ሰው የሚደረግለት ስሙን መጠበቅ ነው እንላለን። ግን የትኛውን ስም? እሱ በሕይወት ቢኖር ገና ሲነጋ ተነስቶ የሚሰርዘውን? ቦሰና ይህን እያብሰለሰለች፣ ከመጻፏ በፊት ወደ ቁስቋም ወጣች።

"ስሙ ከኮምፒውተሩ ላይ ሊነሳ ነው፣ እማዬ።"

"ማነው የሚያነሳው?"

"እኔ ነኝ።"

"ዋሽቶ ነው?"

"አልዋሸም። ተሳሳተ፤ ለማስተካከል ዕድሜ አጣ።"

"ታዲያ አንቺ አስተካክይለታ። ስሙ ምን አደረገ?"

"ስህተቱ ሲወጣ የሚተርፍ ነገር የለውም። ከተውኩት የሌላ ሰው ልጆች በሐሰት ምርመራ ይጎዳሉ።"

"ቦሰና፣ ልጄን ሁለቴ አትቅበሪብኝ።"

ቁልቁለቱን ስትወርድ ባሕር ዛፉ ሥር ቆማ አለቀሰች፤ ቤቷ ገብታም ለኢስሐቅ የምታውቀውን ጻፈች።

እማማ አበራሽ ከዚያ ወዲያ ቀሩ። ቅዳሜዎች አለፉ። መስቀል ካለፈ በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ እሳቸው ናቸው። ተቀመጡ፤ ቀስ ብለውም፣ "እስቲ አሳዪኝ" አሉ።

ቦሰና ገጹን ከፈተች። ጽሑፉ ሁሉ በነበረበት ቦታ አንዲት መስመር ብቻ ቀርታለች፤ በመስካሪ ቃል የተሰረዘ መዝገብ ትላለች።

"ከዘራው የለም" አሉ።

"የለም፣ እማዬ።"

"ይቺ ጫፏ ላይ ያለችው የማን ስም ናት?"

"የእኔ።"

እማማ አበራሽ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው ጠቅልለው ያዙ። ስክሪኑን አልጠረጉትም።