የደሴ ብርድ ያቦካው ሊጥ

ባለፈው ሰሞን ደሴ ላይ ሥራ ጀማሪ ወጣቶችን አንድ አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው "ልምድሽን አካፍዪ" ብለው ጠሩኝ። እዚሁ ደሴ ሆጤ ሰፈር አንድ፣ ኮምቦልቻ አንድ ዳቦ ቤት አለኝ፤ ለዚያ ነው። መድረክ ላይ እንደወጣሁ አንዱ ወጣት "በምን ጀመሩ?" አለኝ። ሌላው ሰው ሲጠየቅ በትዕግሥት ጀመርኩ፣ በጥረት ጀመርኩ ይላል። እኔ የጀመርኩት በቂም ነው። "ወላሂ በቂም!" አልኳቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

ያን አዳራሽ በደንብ አውቀዋለሁ። ከዓመታት በፊት ለሻይ ሰዓት የሚቀርበውን ዳቦ በቅርጫት ተሸክሜ መጥቼ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። መድረኩ ላይ የነበሩት አሠሪዬ ናቸው፤ አሥራ አንድ ዓመት ዳቦ የጋገርኩላቸው፣ ጋሼ እያልኩ ከመቀመጫዬ የምነሳላቸው ሰው። እሳቸውም ለወጣቶቹ እንዴት እንደጀመሩ ይናገራሉ። ሊጡን የከሰዓቱ ዓስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ አቡክቶ፣ ሌሊቱን እንዲያድር ትቶ፣ ከንጋቱ ሱብሂ በኋላ መጋገር። "ይህን ያገኘሁት በእነዚህ እጆቼ ነው" ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ።

አጃኢብ! ያ መዳፍ ከሊጥ ጋር ተዋውቆ አያውቅም። ስንት ቡሃቃ ሊጥ አበላሽቼ፣ ስንቱን ለከብት ሰጥቼ ያገኘሁት የእኔ አሠራር ነው። ደሴ "የጋሼ ዳቦ" እያለ የሚሻማው የእኔን ዳቦ ነው። ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ ሲዋሽ እንዲህ በአጠገቤ አይቼ አላውቅም ነበር። ወጣቶቹ አጨበጨቡለት። አንቱታውም ይብቃው።

ሲወጣ ጠብቄ "ጋሼ፣ ስሜን ቢያነሱት ምን ነበረበት? እሺ ይሁን፣ ኮምቦልቻ ለሚከፍቱት ዳቦ ቤት እንኳ ሸሪክ ያድርጉኝ" አልኩት። ሌላ ነገር አልፈለግኩም፤ ያ ዳቦ የእኔ መሆኑ እንዲታወቅልኝ ብቻ። ሳቀብኝ።

"አንቺ እጅ ነሽ እንጂ ራስ አይደለሽም። እጅ ደግሞ በየሰፈሩ ሞልቷል።"

ይባስ ብሎ ለኮምቦልቻው ዳቦ ቤት ሌላ ጋጋሪ ቀጠረና ልኩን እንዳስተምራት አዘዘኝ። ከቢስቲማ ወረድ ካለ ቆላ የመጣች ወጣት ሴት ናት። አስተማርኳት። ዱቄቱን፣ እርሾውን፣ ጨውን፣ ከዓስር እስከ ሱብሂ መቆየቱን ሁሉ አንድም ሳላጎድል ነገርኳት። አልዋሸሁም። ብርዱን ብቻ ነው ያልነገርኳት።

ከደሴ ተነስቶ ሐረጎን ቁልቁል የወረደ ሰው ኮምቦልቻ ሳይደርስ ጋቢውን ያወልቃል። አዛኑ ሁለቱም ጋ አንድ ነው፣ ሙቀቱ ግን ለየቅል። እስከ ሱብሂ ሊጡን ይዞ የሚያቆየው የደሴ ብርድ ነው። ኮምቦልቻ ከዓስር በኋላ የተቦካ ሊጥ የማታው ዒሻ ሳይሰገድ ኩፍ ብሎ ያበቃለታል። ይህን አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ ለዘመድ ሠርግ ልጋግር ሄጄ በውርደት ተምሬዋለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ? ዝም አልኩ።

የምርቃቱ ቀን ሳልጠራ ሄድኩ፤ የዒድ ልብሴን ለብሼ። ሼሁም ቄሱም ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ሹማምንቱ መጥተዋል፣ ዱዓውም ተደርጓል። ዳቦው ሲወጣ እንደ ጫማ ሶል ተጣብቋል፣ ሽታው ሆምጣጤ ነው። ሊጡ ሌሊቱን ከቡሃቃው ሞልቶ ወለሉ ላይ ፈስሶ ነው ያደረው። አንድ ትልቅ ሽማግሌ ቆርሰው ቀመሱና ቁራሹን ቀስ ብለው ወደ ሳህኑ መለሱት። "አብሽር ልጄ፣ ነገ ይስተካከላል" አሉት። ፊቱ አመድ መሰለ። እኔ ደግሞ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ቅቤውን ያበላሸብኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ዘወር ብሎ ያቺን ጋጋሪ በሰው ሁሉ ፊት ሰደባት፤ ሽርጧን አስፈትቶ አባረራት። አንድ ቃል ብናገር አድናት ነበር። ደስታዬ እንዳይቀንስ ብዬ አልተናገርኩም።

ዳቦ ቤቱ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። ከእሱ ዘንድ ወጥቼ ያንን ቤት የተከራየሁት እኔ ነኝ። ምድጃውን እንኳ አልቀየርኩም፤ ሆን ብዬ ነው። እሱ በዚያ ባለፈ ቁጥር የእኔ ዳቦ እንዲሸተው ፈልጌ ነው። ያቺን ሴትም ፈልጌ ቀጠርኳት። እርሾውን ቀንሳ፣ ውሃውን አቀዝቅዛ፣ ከዒሻ በኋላ እያቦካች የኮምቦልቻን ዳቦ ያስተካከለችው እሷ ናት። ይኸው እስከ ዛሬ አብራኝ አለች።

ወደ አዳራሹ ልመለስ። ወጣቶቹን "እጁ ሊጥ ውስጥ ያለውን ሰው አትናቁ፤ አንድ ቀን ዝም ይላችኋል" ብዬ መከርኳቸው። ያ አሠሪዬ እንዴት እንደወደቀ ነገርኳቸው። የኮምቦልቻውን ዳቦ እንዴት እንዳቃናሁትም አወራሁ፤ አጨበጨቡልኝ። ለሻይ ሰዓት ዳቦ ይዛ የመጣችው ያቺው ጋጋሪዬ ናት፤ ከኋላ ቅርጫቷን ታቅፋ ተቀምጣ ነበር።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሐረጎን ስንወርድ ዓመታት የከበደኝን ተነፈስኩት።

"ያን ቀን ያዋረደሽ እሱ ብቻ አይደለም። ሊጡ እንደማይሆን አውቄ ነው ዝም ያልኩሽ። አፉ በይኝ።"

ሳቀች። "እትዬ፣ እኔ እኮ የቆላ ልጅ ነኝ። እርስዎ ገና ሲነግሩኝ ለኮምቦልቻ እንደማይሆን ገብቶኛል። ለጋሼ ልነግር ብሄድ 'አንቺ ጋግሪ እንጂ አትናገሪ' አሉኝ። ዝም ብዬ ጋገርኩላቸዋ!"

ያረቢ፣ እንዴት እንደሳቅኩ! ሹፌሩ እስኪዞር ድረስ ጭኔን እየመታሁ ሳቅኩ። ለካ ያን ሰው ሁለት ሆነን ነው የጋገርነው። እንባዬን እየጠረግኩ ዞር ስል እሷ መሳቋን አቁማለች፤ እጄን ታያለች።

"ዛሬ መድረክ ላይ ስለ ኮምቦልቻው ዳቦ ሲናገሩ" አለች፣ "መዳፍዎን ዘርግተው ነበር።"

እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት። እሷም ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ኮምቦልቻ እስክንገባ ድረስ ዝም አለች።