ሐመሩን ሐ የሚዘለው ሰው

ገርጂ፣ ከኢምፔሪያል ትንሽ ገባ ብሎ ባለው ወርክሾፓችን ውስጥ በየቀኑ የሚሰማው ቃል «ያዢልኝ» ነበር። ለባዛር የሚቆሙ ተገጣጣሚ የዕቃ ማሳያ ቡዞችን እኔ እነድፋለሁ፣ የሥራ ባልደረባዬ ይሠራል። የግድግዳ ሰሌዳ ሲያቆም፣ ብሎኑን አጥብቆ እስኪያስር የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው እኔ ነበርኩ። አጠገቡ ቆሜ እንኳ ሰፈር እንዲሰማ ነው የሚጮኸው። «ደንቆሮ አይደለሁም!» እለው ነበር።

ከዚያ ዱባይ ሥራ አገኘና ሄደ። እዚያም ሥራው ያው ቡዝ ማቆም ነው። አልቆጣም አልኩ፤ ተቆጣሁ። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ እንደዋወል ነበር፣ ኋላ ለበዓል ብቻ ሆነ። ወርክሾፑ ውስጥ የሚጮህብኝ ጠፋ። ይህ ይናፍቃል ብሎ ማን ይገምታል?

ዘንድሮ የቆዳ ቦርሳ የሚሠሩ አንዲት እናት መጡ። ዱባይ ኤግዚቢሽን ላይ ሌላ ሰው ሲቀር በመጨረሻ ሰዓት ቦታ ደርሷቸዋል። «ልጄ፣ ቡዙ ተሠርቶ ሐሙስ ካርጎ ካልገባልኝ ባዶ ወለል ላይ ቦርሳ ዘርግቼ መቀመጤ ነው» አሉኝ። እዚያ የሚገጣጥምላቸው ሰው እንዳለ ጠየቅኳቸው፤ የለም። የእሱን ስልክ ጻፍኩላቸው።

በሩጫ ነደፍኩ፣ በሩጫ አሠራሁ፣ ቀለሙ በቅጡ ሳይደርቅ ታሽጎ ወደ ቦሌ ሄደ። ከሰሌዳዎቹ ጀርባ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብዬ ጽፌባቸዋለሁ። ሥዕሉን አስተካክዬ ለመላክ ጊዜ አልነበረኝምና አገጣጠሙን በድምፅ ላክሁለት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ኤግዚቢሽኑ የሚከፈት ዕለት ጠዋት፣ ወርክሾፑን ገና ስከፍት ስልኬ ጮኸ።

«ይሄ ግድግዳሽ ዘመመ» አለኝ፣ ሰላምታም የለ። «ሀን ከለ ጋር አስሬዋለሁ፣ እንዳልሽው። በሩ ሊከፈት ነው፤ እናትየዋ ቦርሳቸውን ታቅፈው ቆመዋል።»

«ያሰርከው ሃሌታው ነው ሐመሩ?»

ሄዶ አይቶት መጣ መሰለኝ። «ሐመሩ።»

ያኔ ገባኝ። እሱ ሰሌዳ ላይ ፊደል ሲጽፍ ሐመሩን ሐ ይዘለው ነበር፤ ከለ ቀጥታ ወደ መ። «ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደሎች አንድ ቡዝ ውስጥ አይገቡም፤ ስንጠራራ ያሳስቱናል» ይላል። እኔ ደግሞ አንደኛ ክፍል የተማርኩትን ፊደል መዝለል ድፍረት ይመስለኝ ነበርና ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል። እሱ ጆሮ ውስጥ ሀ አንድ ብቻ ነው፤ በእጁ የገባውን አነሳ።

«እኔ ስሄድ ሐመሩን መለስሽው?» ብሎ ሳቀ። ናፍቆኛል፤ ይህን ልለው አፌን ስከፍት «ቆይ፣ ልፍታው» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ መሬት ላይ አስቀመጠው።

ብሎን ሲፈታ፣ ሰሌዳ ሲጎተት ይሰማኛል። እናትየዋ «አይዞህ ልጄ፣ ትደርሳለህ» ይሉታል። ከዚያ በዚያው በድሮ ጩኸቱ፦

«ያዢልኝ!»

ከአፉ አምልጦት ነው። እናትየዋ ግራ ገብቷቸው «እኔን ነው?» ሲሉ ሰማሁ። እሳቸውን አልነበረም፤ እንደ እናቱ የሆኑትን ሴት አንቺ የሚል ሰው አይደለም።

«አዎ... ይያዙልኝ» አላቸው፤ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

ያዙለት፤ ግድግዳውም ቆመ። እኔ ገርጂ፣ ባዶ ወርክሾፕ ውስጥ፣ ሁለት እጄን ወደ ፊት ዘርግቼ ቆሜ ነበር።