ባባ ያዋለዷት ፍየል

ሪያድ፣ ባዲዓ ሰፈር የምሠራበት ቤት አንድ ሽማግሌ አሉ። የአሠሪዬ የማዳም አባት ናቸው፤ ባባ እላቸዋለሁ። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ሳበላቸው ግድግዳውን ያያሉ፤ ሳወራቸው አይመልሱም።

በቅርቡ ወሎ ያለው መንደራችን፣ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ የገመድ አልባ ኢንተርኔት አንቴና ተተከለ። ርካሽ ስለሆነ ጎረቤቱ ሁሉ በጋራ እየከፈለ ይጠቀማል። ለመደወል ኮረብታ ይወጣ የነበረው ወንድሜ ሰዒድ አሁን ከበረቱ ሆኖ በምስል ይደውላል።

አንድ ቀን ከሰዓት ባባን ሾርባ እያጠጣሁ ደወለ። ላብ አጥምቆታል።

«እህቴ፣ ፍየሏ ከጠዋት ጀምሮ እያማጠች መውለድ አቃታት። ልትሞትብን ነው! እዚያ የምታውቂው ሐኪም የለም?»

እኔ ሪያድ ላይ የፍየል ሐኪም ከየት አመጣለሁ? ጨንቆኝ ስልኩን ትኩር ብዬ ሳይ አንድ እጅ ነጠቀኝ።

«እጁን ዘይት ይቀባ በይው» አሉ ባባ በዐረብኛ።

ክው አልኩ። ልጅነታቸውን በረሃ ላይ ፍየል ሲጠብቁ እንዳሳለፉ የሰማሁት በኋላ ነው።

«ያላ፣ ንገሪው እንጂ!»

ነገርኩት። «የታጠፈውን የግልገል እግር ቀስ ብሎ ያቅና። አሁን ስታምጥ ይሳብ።» እሳቸው ይላሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ፣ ሰዒድ ያደርጋል። ሾርባው ምንጣፉ ላይ ፈሷል። ግልገሏ ወጥታ ስታነጥስ እኔና ሰዒድ እኩል ጮህን።

ማዳም ደንግጣ እየሮጠች መጣች። የአባቷን ድምፅ ስትሰማ በሩን ይዛ ቀረች።

«አባዬ፣ ተናገርክ?» አለች እንባዋ እየወረደ።

ባባ ዓይናቸውን ከስልኩ ሳይነቅሉ እጃቸውን አወናጨፉባት።

«ዝም በይ! ሁለተኛው እየመጣ ነው።»